የዳኑት የሚወጡበት በር

አንድ ወጌሻ ነበረ።

ቆይ ይርጋ፣ አታቋርጠኝ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ በሩን በርግደህ ከገባህ ጀምሮ ከሱ ሌላ ምን ተናገርክ? ሚስትህን አስካለን ወገቧን ካመማት ሁለት ክረምት አለፈ። አንተ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን እየገዛህ ሰጥተሃታል፤ አልሠራላትም። በቅርቡ ወደ ጤና ጣቢያው የመጣው ወጣት ሐኪም ያንኑ ኪኒን፣ በዚያው ስሙ፣ በዚያው ቀለሙ ሰጣት፤ ቀለላት። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ራሷ ስታስር «ያዝኳት» ትላለህ፣ ሌባ የያዝክ ይመስል። እና አሁን ታላቅ እህትህን፣ «እትዬ፣ ሕመሟ በሰው አፍ የሚቀል ከሆነ ድሮውንም ውሸቷን ነበር ማለት አይደለም ወይ?» ብለህ ትጠይቀኛለህ። ውሸቷን ከሆነ ነገ ወደ ቀጠሮዋ አልወስዳትም ብለሃል። ያለ አንተ ደግሞ አትደርስም፤ ያንን ቁልቁለት ደግፎ እስከ መኪናው የሚያወርዳት ሌላ ሰው የላትም። ስለዚህ ተቀመጥና ስማ። ሳትሰማ ብትሄድ ነገ የሚቀረው ቀጠሮው ብቻ አይደለም።

አንድ ወጌሻ ነበረ አልኩህ። እጁ የተመሰከረለት ነበር። የወለቀ ይመልሳል፣ ወለምታ ያሻል፤ ስብራት ሲያይ ግን በእንጨት ደግፎ በቅጡ ያስርና «ይህ የኔ አይደለም፣ ሆስፒታል ውሰዱት» ይላል እንጂ የማያውቀውን አይነካም። ሙያውን ከአባቱ ወረሰ። ከሙያው ጋር የአባቱን ግቢ፣ ከግቢው ጋር የአባቱን ሥርዓት ወረሰ።

ሥርዓቱ ይህ ነበር። ግቢው ሁለት በር አለው። በሽተኛ በፊት ለፊቱ በር ይገባል፤ ከታሸ በኋላ ግን በጓሮው በር ነው የሚወጣው። ምክንያቱም፣ ሕመሙ ሰውየው በገባበት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ በዚያው ከተመለሰ መልሶ ይሰፍርበታል ይባል ነበር። ስለዚህ የታሸ ሰው ዞር ብሎ ሳያይ ጓሮውን አቋርጦ፣ በጌሾው መካከል ወርዶ፣ በዚያው ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዳነ ሰው «ዳንኩ» ብሎ ወደዚያ ግቢ ብቅ አይልም፤ ነውር ነው።

በአባትየው ዘመን ይህ ሥርዓት ማንንም አልጎዳም። በሽተኛው ጥቂት ነበር፤ አንዱ ከሄደ በኋላ ሌላው ይመጣል እንጂ ሰውና ሰው አይገናኝም። በልጁ ጊዜ ግን መንገድ ገባ። መንገድ ሲገባ ገበያው ሰፋ፤ ገበያው ሲሰፋ የሚሸከመውና የሚወድቀው ሰው በዛ። ወጌሻው የሚጠብቁት ሰዎች ፀሐይ ላይ መቆማቸው አሳዘነው። ከፊት ለፊቱ በር አጠገብ፣ ከቤቱ የጭቃ ግድግዳ ሥር፣ ረጅም አግዳሚ አሠራና ተራቸው እስኪደርስ እዚያ አስቀመጣቸው። ደግ አደረገ። ጥፋቱም ከዚያ ደግነት ነው የመጣው።

አሁን አንተ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠሃል እንበል። ከጎንህ ያለው ይጠራል፤ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ከግድግዳው ወዲያ ይጮኻል፤ የወለቀ ሲመለስ ለአፍታ ያማል፣ ይህ አይካድም። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ያለው ስለቀለለው ነው፤ ውስጥ ሆኖ ውሃ እየጠጣ፣ ምናልባትም እየሳቀ ይሆናል። በጓሮ እንደሚወጣ በወሬ ብታውቅም አንተ ግን ይህን አታይም። አንተ የምታውቀው ገባ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ አልወጣም። ቀጥሎ ያለውም ይገባል፣ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ አይወጣም። ከዚያ ያንተ ተራ ይደርሳል።

ሳቅክ አይደል? እዚያ የተቀመጡት አልሳቁም።

ሥራ የፈታ ሕመምተኛ ደግሞ ምን ያደርጋል፤ ያወራል። በተለይ አንድ ባለ ከዘራ ነበር፣ ጉልበቱ አርጅቶ በየገበያው ቀን እየመጣ የሚታሽ፣ አግዳሚውን እንደ ርስቱ የያዘ። አዲስ ሰው ሲመጣ ጠጋ ብሎ፣ «የት ጋ ነው ያመመህ?» ይላል።

«ትከሻዬን።»

«ወይ ትከሻ» ይላል፣ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ። «ባለፈው አንዱ በትከሻ ገብቶ ነበር።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገባ።»

ወደዚህ አግዳሚ ነው አንድ ሸማኔ የመጣው።

ሸማኔው የቤቱን ጣራ ሲከድን ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ትከሻውን ተጎድቷል። አልተሰበረም፣ አልወለቀም፤ ጅማቱ ግን ተቆጥቷል። ቀኝ ክንዱ ደግሞ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ የሚልክበት ክንድ ነው። እሱ መወርወር ካቃተው ድሩ እንደተወጠረ ቆሞ አቧራ ይጠጣል። አንድ ጎረቤቱ የሽመና ዕቃውን ሽጥልኝ እያለ ይመላለስበት ነበር፤ ሸማኔውም እንቢ ማለት እየደከመው ሄዷል። ዕቃውን የሸጠ ሸማኔ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። በሌላ ሰው ደጃፍ ተቀምጦ የሌላ ሰው ክር ሲያጠነጥን ይኖራል።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጩኸቱን ሰማ፣ ዝምታውን ሰማ፣ ባለ ከዘራውን ሰማ። ተራው ደርሶ ሲነሣ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቶ፣ አንገቱ እንደ ግንድ ደርቆ ነበር። ወጌሻው ቅቤውን አሙቆ ገና በጣቱ ጫፍ ሲነካው ዘለለ። ሲያሸው ጮኸ፤ ሲተወውም ጮኸ። በጓሮው በር ሲወጣ ክንዱን ማንሣት ከመግባቱ በፊት ከሚችለው ያነሰ ነበር የቻለው። በሌላ የገበያ ቀን ተመልሶ መጣ፤ ያው ሆነ። ደግሞ መጣ፤ ያው ሆነ።

ወጌሻው ተበሳጨ። «ከዚህ የባሰ ትከሻ በዚህ እጄ አቃንቻለሁ» አለው። «አጥንትህ በቦታው ነው፣ ጅማትህም በቦታው ነው። እንቢ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ያመኛል እኮ።»

«ሌላው አያመውም? ሥራ ጠልተህ እንዳይሆን።»

ይህች ቃል ከወጌሻው ቤት ወጥታ ከሸማኔው ቀድማ መንደሩ ደረሰች። ሸማኔው ሰነፈ ተባለ። ከዘመዶቹም አንዱ፣ እንዳንተ ያለ ብልህ ሰው፣ «ልጁን አቅፎ አየሁት፤ ትከሻውን ቢያመው ኖሮ እንዴት ያቅፋል?» አለ። ሕመምተኛ ሁልጊዜ እኩል፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሳያቋርጥ ማቃሰት ያለበት ይመስላችኋል። ትንሽ ቀለል ሲለው ልጁን ቢያቅፍ ሌብነት ነው።

በዚያ ክረምት ዝናቡ በረታ። አንድ ጠዋት ጎርፍ የጓሮውን አጥር ከነበሩ ይዞት ሄደ፤ መውጫው መንገድ ተንዶ ገደል ሆነ። ወጌሻው ቆሞ አየውና፣ «በቃ፣ ዛሬ የመጡት ይመለሱ» አለ።

እናቱ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። «ለምን ይመለሳሉ?» አሉት።

«መውጫ የለማ። በገቡበት ቢወጡ ይታመማሉ።»

«እሱንማ ታመው ነው የመጡት። ወይስ ሁሉንም እዚሁ ልታሳድራቸው አስበሃል? እኔ ለዚህ ሁሉ ሰው የማለብሰው ጋቢ የለኝም።»

ወጌሻው የሞተ አባቱን ቢፈራም እናቱ ደግሞ በሕይወት ነበሩ። ማሸቱን ቀጠለ።

ሸማኔው ያን ቀን መጥቶ ነበር። ሲነጋ ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ዕቃውን ሽጥልኝ ብሎት፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ ሳይል፣ «ከገበያ ስመለስ እነግርሃለሁ» ብሎታል። የመጨረሻው ነው ብሎ ነው አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠው።

ከሱ በፊት ተራው የአንድ ኩሊ ነበር። ጆንያ ሲያወርድ ክንዱ ወልቆ፣ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሎ ነው የመጣው። ተጠራ፤ ገባ። ጮኸ፤ ያውም የኩሊ ጩኸት። ከዚያ ዝም አለ።

ባለ ከዘራው ራሱን ነቀነቀ። «ይኸው» አለ።

በሩ ተከፈተና ኩሊው ወጣ።

አግዳሚው በሙሉ ቀጥ አለ። ከዚያ በር ሰው ሲወጣ አይቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረማ። የኩሊው ፊት በላብ ርሷል፤ ክንዱ በጨርቅ ታስሮ ከአንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቹን ግን እየዘረጋና እየጨበጠ ያያቸዋል፣ ገና ዛሬ የተሰጡት ይመስል።

«ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለ ባለ ከዘራው። «ያኛው ውስጥ ነው።»

«እኔው ነኝ፣ አባቴ» አለ ኩሊው።

ሸማኔው ከተቀመጠበት ተነሣ። «አመመህ?» አለው።

«አመመኝ እንጂ። እናቴን ጠራኋት፤ እሷ ደግሞ ከሞተች ቆይታለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አለፈ። መጀመሪያ ጭምድድ ያደርግሃል። ጭምድዱን ቻለው። ከዚያ ውስጥህ የሆነ ነገር ይለቃል፣ ቀጥሎ ሙቀት ይመጣል። ሙቀቱ ከመጣልህ አለቀ ማለት ነው።» ይህን ብሎ በደህና እጁ የመሸከሚያ ገመዱን አነሣና ሄደ።

ልብ በል፣ ይርጋ። ኩሊው ምንም አልዋሸም። አያምም አላለውም፤ እናቴን እስክጠራ አመመኝ ነው ያለው። ሲያበቃ ግን ያበቃል አለው። ሸማኔውም በጆሮው ብቻ አልሰማም፤ የሚጨበጡትን ጣቶች አየ።

ገባ። ቅቤው ያው ቅቤ ነበር፣ እጁም ያው እጅ። ሸማኔው ግን እስከዚያ ቀን ሲታሽ የሚጠብቀው ጩኸቱን ነበር፤ ያን ቀን ሙቀቱን ይጠብቅ ጀመር። ትከሻው እሱ ሳያውቀው ከጆሮው ወረደ። ሲያሸው ጭምድድ አደረገው፤ ጥርሱን ነከሰና ቻለው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃላ። ቆይቶ ከትከሻው ሥር አንድ ነገር ላላ፤ ቆይቶ ሙቀቱ መጣ። ወጌሻው ክንዱን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሲገፋው እስከ ጆሮው ድረስ ሄደለት። ሁለቱም ክንዱን አዩት።

«ቅቤው ሌላ ነው?» አለ ሸማኔው።

«ያው ነው።»

«እጅህስ?»

«ሌላ እጅ ከየት አመጣለሁ?»

«ታዲያ እስከዛሬ ስዋሽህ ነበር?»

ወጌሻው እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አይደለም» አለ። «አፍ ሊዋሸኝ ይችላል፣ ሥጋ አይዋሸኝም። ስነካህ ትከሻህ እንደ ቡጢ የተጨበጠ ነበር፤ አንዱን ስፈታልህ ሁለት ትቋጥራለህ። ሕመምህ እውነት ነበር፤ በእጄ ላይ መባሱም እውነት ነበር። ማን እንደሚያስጨብጥህ ነው ያልገባኝ። ዛሬ ግን ለቀቅክልኝ።»

ሸማኔው በራሱ ሙያ ተረዳው። «ድሩን ከመጠን በላይ ሳጠብቀው እኔም እንዲሁ ነኝ» አለ። «ማጉ አይገባልኝም፣ ክሩም ይበጠሳል። ክሩን እረግማለሁ። ላላ ሳደርገው ያው ክር ይገባል። ዛሬ እኔን ያላላኝ ያ ኩሊ ድኖ ሲወጣ ማየቴ ነው።»

በፊት ለፊቱ በር ወጣ። የሚጠብቁት ሁሉ ክንዱን አዩት፤ እሱም ማንም ሳይጠይቀው ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ጎረቤቱ መልስ ሊሰማ ሲመጣ ሸማኔው ከሸማ ጉድጓዱ ገብቶ መወርወሪያውን ይሞክር ነበር። ቀስ እያለ ነው፣ እያመመውም ነው፤ ግን መወርወሪያው ከወዲህ ወዲያ ይሄዳል። ጎረቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አየና ሳይጠይቅ ተመለሰ።

ዝናቡ ሲያባራ አጥር የሚያጥሩ ሰዎች እንጨት ተሸክመው መጡ። «በሩን እንደ ድሮው ከጌሾው በኩል እናድርገው?» አሉ። ወጌሻው ሄዶ እሾህ አመጣና የጓሮው በር በነበረበት ቦታ ላይ በገዛ እጁ ከመረው። «እዚህ በር አትተዉ» አለ። «ዙሪያውን እጠሩት።»

እናቱ ይመለከቱ ነበር። «አባትህ ቢያይ ምን ይል ነበር?» አሉት።

«አባቴ አግዳሚ አልነበረውም» አለ።

ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ ዳነ ልልህ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ወሬ ለገበያ ጠንቋይ ተውለት። ዳሌዋ የተሰበረ አንዲት ባልቴት መጥታ ወጌሻው እንደ ወትሮው ሆስፒታል ሰደዳት፤ የዳኑትን በማየት የሚገጥም ስብራት የለም። የባለ ከዘራውም ጉልበት ያረጀ ጉልበት ነውና አልታደሰም። አፉ ግን ታደሰ። አዲስ ሰው ሲመጣ አሁንም ይጠጋል፤ አሁንም የት ጋ ነው ያመመህ ይላል።

«ትከሻዬን።»

«ወይ ትከሻ። ባለፈው አንዱ በትከሻ ገብቶ ነበር።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወጣ።»

ይህን ሲያወራ ውሎ ቤቱ ሲሄድ ጉልበቱ ከሌላው ቀን ያነሰ እንደሚያመው ለሚስቱ ይነግራት ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ኪኒኑን ለአስካለ ስታቀብላት ምን ትላት ነበር? ተወው፣ አትንገረኝ፤ እዚያው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። «እንቺ፣ ይሄም እንደ ወትሮው ነው» ትላትና ፊትህን ታዞራለህ። ሐኪሙስ ምን አላት? ራሷ ናት የነገረችኝ። «ምግብ በልተሽ ውሰጂው፣ ሆድሽን ትንሽ ከበድ ሊልሽ ይችላል። ሕመሙ በአንዴ አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ይላላል። ካልላላ ተመለሺ፣ ሌላ የምንሞክረው አለ» ብሎ ዓይን ዓይኗን አይቷታል። ኪኒኑ ያው ኪኒን ነው። ከአንተ እጅ ስትቀበል ሰውነቷ የሚጠብቀው ጩኸቱን ነበር፤ ከሱ እጅ ስትቀበል ሙቀቱን ጠበቀ። የቤትህ አግዳሚ አንተ ነህ፣ ይርጋ። ባለ ከዘራውም አንተው ነህ፣ ከዘራው ብቻ ነው የጎደለህ።

በቃል የቀለለ ሕመም ውሸት ነው ካልክ ደግሞ አንድ ነገር መልስልኝ። በአንተ ቃል ሲብስባት የኖረውንስ ምን ልትለው ነው?

አንገትህን አትድፋ። ክፉ ሰው ብትሆን ሁለት ክረምት አትደግፋትም ነበር። የሚወደው ሰው ሲያቃስት እየሰማ የሚኖር ሰው ተስፋው ያልቅበታል፤ አንተም ስትጠብቅ የኖርከው ጩኸቱን ነው። ወጌሻው እንኳ ደግ ሰው ነበር።

«ታዲያ ምን ልበላት፣ እትዬ?» አልክ። ይህ ይዘኸው ከመጣኸው ጥያቄ ይሻላል። ውሸት እንዳትነግራት። ድነሻል አትበላት፤ አልዳነችም፣ ውሸትህን ደግሞ ካገባችህ ጀምሮ ታውቀዋለች። ነገ ወገቧን የሚያፍታታ እንቅስቃሴ ነው የሚያሠሯት፤ መጀመሪያ ላይ ያማታል፣ ያምሻል በላት። ከዚያ ቁልቁለቱን ደግፈህ ስታወርዳት ማክሰኞ ያየኸውን ንገራት። ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን ራስሽ አሰርሽ በላት። ያዝኩሽ አትበል፣ አየሁሽ በላት።

በሁለት ክረምት ውስጥ አንዲት ጠዋት ሕመሟን ጥላ ስትወጣ አንተ ብቻ አየሃት፤ አንተም እንደ ሌባ ይዘህ በጓሮ አስወጣሃት። ነገ በፊት ለፊቱ በር አውጣት።